ኤድዋርድ ሩፔልና ሁለት ስም ያላት ሽኮኮ

እዚህ ፍራንክፈርት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ እንደኔ ያለ ፈተና አንድ ቀን ሳይገጥመው አይቀርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄን ይዤ መናፈሻ ወጥቼ ሳለ አንዲት ቀላ ያለች፣ ጅራቷ ከገላዋ የማያንስ ፍጥረት ከዛፍ ወርዳ ከፊታችን ቆመች። ልጄ የጀርመንኛ ስሟን ከእኔ አሳምራ ታውቃለች። በአማርኛስ ማን ትባላለች አለችኝ። ሳላመነታ ሽኮኮ ናት አልኳት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ይህንኑ ለአንድ አዛውንት ባወራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷን አሳስተሃታል አሉኝ፤ ሽኮኮ ማለት ዳዊት ላይ ከዓለት ጋር የተጠቀሰችው፣ በግዕዙ ግሔ የምትባለው፣ የገደል ፍጥረት ናት እንጂ ከዛፍ ዛፍ የምትዘለው አይደለችም። ታዲያ የዛፏ ማን ትባላለች ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና፣ እሷንም ያው ሽኮኮ ነው የምንላት ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። አብዛኞቻችን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት ፍጥረታት በዝምድና እጅግ የተራራቁ ናቸው። የገደሏ ሽኮኮ ጅራት የላትም፣ ጥፍሯም ሰኮና ይመስላል፤ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የቅርብ ዘመዷ ዝሆን ነው ሲሉ መጀመሪያ የሰማ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የዛፏ ግን የአይጥ ዘር ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ፣ እየቆረጠመች ካላሳጠረቻቸው መብላት ያቅታታል። ነገሩ አልለቀኝ ብሎ ወደ መጻሕፍት ስገባ ደግሞ የባሰ ጉድ ገጠመኝ። እኛ ለሁለት ፍጥረት አንድ ስም ሰጥተን ነበር፤ ሊቃውንቱ ደግሞ አገራችን ላለችው ለአንዷ የዛፍ ሽኮኮ በአንድ ዓመት፣ በ1835፣ ሁለት ስም አወጡላት። ከሁለቱ አንዱን ያወጣላት የዚሁ የፍራንክፈርት ልጅ፣ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሙን አንዳንዶቻችሁ በጥንብ አንሳው በኩል ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ፣ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ፣ አንድ አሞራ ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነበር። በከፍታ በመብረር ከአእዋፍ ሁሉ ክብረ ወሰን የያዘው ይኸው የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ስሙን ግን ለራሱ ያወጣው ሩፔል አይደለም፤ ሌላ ጀርመናዊ በ1852 ለክብሩ ያወጣለት ነው። በዚህ ሙያ ሰው የራሱን ስም ለአውሬ አይሰጥም፣ እንደ ነውር ይቆጠራል። የሩፔልን ሕይወት ስከታተል ከሁሉ በላይ የሳበኝም ይኸው የስም ነገር ነው፤ ማን ለማን ስም ያወጣል፣ የማንስ ስም ይቀራል።

ሩፔል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 ከሀብታም የባንክ ባለቤት ቤት ተወለደ። የታሰበለት መንገድ ንግድ ነበር። በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ባደረገው ጉዞ ግን ልቡ ሸፈተ። ከዚያ በኋላ የአባቱ ሙያ አላጓጓውም። በረሃውን ለማጥናት መጀመሪያ መማር እንዳለበት ስለገባው ጣሊያን አገር ገብቶ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ፤ ጄኖዋ ላይ ደግሞ ከታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከባሮን ፎን ዛክ የቦታን አቀማመጥ በከዋክብት መለካት ተማረ። በዚያ ዘመን ወደ አፍሪካ ከሚጎርፉት አውሮጳውያን ብዙዎቹ ጠመንጃና ወሬ ብቻ ይዘው ሲሄዱ ይህ ሰው ዓመታት ወስዶ መዘጋጀቱን ልብ በሉልኝ። ገንዘቡም በአብዛኛው የራሱ ነበር፤ ከወላጆቹ የወረሰውን ሀብት ነው በመንገድ የጨረሰው።

ሩፔል ግብፅ በገባበት በዚያው በ1817 ፍራንክፈርት ውስጥ የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተቋቋመ። ስሙን ያገኘው ሀብቱን ለሕክምናና ለሳይንስ ትቶ በ1772 ካረፈው ከከተማው ሐኪም ከሴንከንበርግ ነው። ዛሬ ልጆቻችንን ዳይኖሰር ለማሳየት የምንወስድበት ትልቁ ሙዚየም የዚሁ ማኅበር ነው። ሩፔል በ1818 አባል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ከአፍሪካ የሰበሰበውን ሁሉ የሚልከው ለዚሁ ማኅበር ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው ከ1821 እስከ 1827 ቆየ። ሲናንና የአቃባን ባሕረ ሰላጤ አይቶ፣ በዓባይ ሽቅብ ኑብያ ገብቶ፣ ቀይ ባሕርን እስከ ምጽዋ ወርዶ ተመለሰ። በየጊዜው የእንስሳት ቆዳና አጽም፣ ዓሣና ወፍ በሣጥን በሣጥን እያሸገ ይልካል። እሱ ገና በረሃ ሳለ ሣጥኖቹ ፍራንክፈርት ይከፈታሉ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሐኪሙ ክሬትሽማር ቆዳዎቹን እያወጣ፣ እየመረመረ፣ ስም እያወጣ ከ1826 ጀምሮ በሥዕል የተደገፈ ትልቅ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። በዚህም የተነሣ ሩፔል በላካቸው ብዙ እንስሳት ስም አጠገብ የተጻፈው የክሬትሽማር ስም ነው። በአዋሽ ሜዳ የምትታየዋን፣ በፍራንክፈርቱ የአካል ሊቅ በሶመሪንግ የተሰየመችውን ሚዳቋ ብንወስድ፣ በየትኛውም የእንስሳት መዝገብ ከስሟ ቀጥሎ ክሬትሽማር፣ 1828 የሚል ታገኛላችሁ። ደግሞ ፀሐይ የመታው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ የእኔ ጠባይ ነው፤ የሳይንስ ሕግ ግን አይጠይቅም። ዋጋ ያለው ማን አገኘው ሳይሆን ማን ገልጾ አሳተመው ነው።

ሩፔል በዚህ ምን ያህል እንደተቆጣ መገመት አይከብደኝም። በሁለተኛው ጉዞ ያደረገው ግን ግልጽ ነው። በ1830 እንደገና ሲነሣ ቆዳ የሚያዘጋጅለት የፍራንክፈርት ወጣት፣ ቴዎዶር ኤርክልን፣ ይዞ ሄደ፤ ያገኘውን እንስሳም ራሱ ገልጾ በራሱ ስም አሳተመ።

በ1831 ምጽዋ ሲደርስ ደጋው እየተናጠ ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በደብረ ዓባይ ጦርነት የትግሬው ደጃዝማች ሰባጋዲስና የየጁው ራስ ማርዬ ሁለቱም ወድቀዋል፤ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ትግራይን እየጠቀለሉ ነበር። መንገዱ የሽፍታና የኬላ ነው። ሩፔል በዚህ መሐል አልፎ በ1832 ስሜን ገባ፤ ክረምቱንም እዚያው አሳለፈ። ስሜንን በክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይነሣም። እርጥብ ቆዳ ማድረቅ ፈተና ነው። በዚያ ዘመን የአውሬ ቆዳ ከብል የሚጠበቀው መርዝ በተቀላቀለበት ሳሙና ከውስጥ እየተቀባ ነበር፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ጭድ ወይም ጥጥ ይሞላል፣ የራስ ቅሉ ለብቻው ተፍቆ ይጸዳል፣ ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ይለካል፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎ ይታሰርበታል። አንዱ ሥራ ቢጓደል ናሙናው ፍራንክፈርት ሲደርስ የብል ምግብ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁራጭ ቆዳ ሆኖ ይቀራል።

ስሜን ለሩፔል ያልታሰበ ሀብት ሆነለት። ዛሬ የአገር መለያ አድርገን በቴምብርና በፖስተር ከምናሳትማቸው አራዊት ብዙዎቹ በዚህ ጉዞ ነው ወደ ሳይንስ መዝገብ የገቡት። ጭላዳ ዝንጀሮን በ1835 ሲመዘግብ ሁለተኛ ስሙን ጌላዳ አለው፤ የእኛኑ ጭላዳ በጀርመን ጆሮ ሰምቶ ነው። ዋልያን ካፕራ ዋሊ ብሎ መዘገበ። ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰችውን ጉሬዛ ደግሞ ኮሎቡስ ጉሬዛ አላት። ቀይ ቀበሮን በስሜን ስም ካኒስ ሲሜንሲስ ብሎ በ1840 አሳተመ። ከመሬት በታች እየቆፈረ የገበሬውን ማሳ የሚያሰለቸውን ፍልፈልም ያኔውኑ መዝግቦታል። ለፍልፈል ያወጣለት የወገን ስም፣ ታኪዮሪክቴስ፣ በግሪክኛ ፈጣን ቆፋሪ እንደማለት ነው፤ ይህንን ማሳው የተበላሸበት ገበሬም ይመሰክራል።

ስሞቹ ብቻ አይደሉም የሚገርሙት። ቀይ ቀበሮን ውሰዱ። እኛ ቀበሮ እንላታለን፣ ከሩፔል በኋላ የመጡ አውሮጳውያንም የስሜን ቀበሮ እያሉ ጽፈውላታል፤ ቅልሟና ቀጭን አፍንጫዋ በእርግጥ ያሳስታል። ሩፔል ግን ካኒስ ብሎ ከተኩላና ከውሻ ጋር በአንድ ወገን መደባት። በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት ከተኩላ ጋር ያላትን ቅርብ ዝምድና ሲያረጋግጥ ሰውየው ከሞተ 110 ዓመት ሆኖት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልናገር። ኤርክል የደከመበት አልቀረም፤ ሩፔል በ1835 አንዲት የደጋ ቆቅ በስሙ ሰየመለት። (ይህች ቆቅ ከጊዜ በኋላ ለአደን ተብላ ወደ ሃዋይ ተወስዳ እዚያው ተራብታ ቀርታለች፤ ከእኛ መካከል እሷን ያህል ርቆ የተሰደደ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።) ዋልያ በየትኛው ገደል ጥግ እንደሚውል፣ ጭላዳ ማታ የት እንደሚያድር የሚያውቁት የስሜን አዳኞች ግን በአንድም የእንስሳ ስም ውስጥ የሉም። ያለእነሱ ሩፔል አንዲት ዋልያ እንኳ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። የቀረላቸው ቃላቸው ነው። ጌላዳ፣ ዋሊ፣ ጉሬዛ የሚሉት ቃላት ከአፋቸው ወጥተው ላቲን መስለው ዓለምን ዞሩ። ቶኪዮ ያለ ተመራማሪ ስለዚህ ዝንጀሮ ሲጽፍ የአገሬውን ቃል ሳያነሣ ማለፍ አይችልም።

ከስሜን ወርዶ በ1832 መጨረሻ ጎንደር ገባ፤ ከተማዋ በዚያን ጊዜ ክብሯ የቀነሰ፣ ሊቃውንቷ ግን ያልጠፉ ነበረች። ሊቅ አጽቁን ያገኘው እዚያ ነው። ሊቅ አጽቁ የታሪክና የመጻሕፍት ሰው ነበሩ፤ ከሩፔል ሌላ ብዙ የውጭ እንግዶችንም በዕውቀታቸው ረድተዋል። ሩፔል ዜና መዋዕልና ሌሎች የብራና መጻሕፍት አሰባስቦ ይዞ ተመለሰ። በ1833 በአክሱም በኩል ሲወርድም በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የግዕዝ ጽሑፎችን ገለበጠ። ብራናዎቹ ዛሬም ፍራንክፈርት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በ1897 ካታሎጋቸው ታትሟል። ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ዲልማን በ1851 የግዕዙን ሄኖክ ሲያሳትም ካመሳከራቸው ቅጂዎች አንዱ ይኸው የሩፔል ነው። እነዚህ መጻሕፍት ከእጃችን መውጣታቸው ያንገበግበኛል፤ ከጎንደር ቃጠሎዎች መትረፋቸው ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱን ስሜቶች ማስታረቅ ስላልቻልኩ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ ሽኮኮዋ ልመለስ።

ሩፔል ወደ ፍራንክፈርት ከተመለሰ በኋላ ከ1835 እስከ 1840 ድረስ የሐበሻን አዳዲስ አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት የያዘውን መጽሐፍ በክፍል በክፍል አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ በ1835 ከወጣው የአጥቢ እንስሳት ክፍል ውስጥ፣ ከጭላዳና ከዋልያ ጋር አብራ፣ አንዲት የዛፍ ሽኮኮ በቀለም ሥዕል ተደግፋ ወጣች። ከጅራቷ በቀር አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ሆዷ ነጣ ያለ፣ ዓይኗ ዙሪያ በነጣ ቀለበት የተከበበ፣ ጅራቷ ላይ ደማቅና ፈዛዛ ቀለም እየተፈራረቀ ቀለበት ቀለበት የሚሠራ ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት ግራጫ ትመስላለች። ቀረብ ብሎ አንዷን ጸጉር ነቅሎ ለሚያያት ግን እያንዳንዷ ጸጉር ከሥር እስከ ጫፍ በተለያየ ቀለም የተከፋፈለች ናት፤ ግራጫ የሚመስለው የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ሩፔል ስሟን ከዚህ አወጣ፤ ስኪዩሩስ ሙልቲኮሎር፣ ብዙ ቀለማት ያላት ሽኮኮ።

ሥራው እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። አንድን ፍጥረት አዲስ ዝርያ ነው ለማለት አለማየት አይበቃም። እስከዚያ ድረስ ከታወቁት ሽኮኮዎች ሁሉ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ቀለም በክረምትና በበጋ ይለዋወጣል፣ ወጣቷ ከእናቷ ትለያለች፣ ወንዱ ከሴቷ ይለያል። በአንዲት ቆዳ ተደንቆ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ያለ ብዙ ሰው አፍሯል። ስለዚህ ገላጩ ጥርስ ይቆጥራል፣ የራስ ቅል ይለካል፣ ልዩነቱን በቃል ያሰፍራል፣ ሥዕል ያሠራል። ከሁሉ በላይ የገለጸበትን ናሙና ለሙዚየም ያስረክባል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ መሳቢያውን ከፍቶ ያችኑ ቆዳ እንዲያይ ነው። ስሙ የተሰጠው ለዝርያው ሁሉ ቢሆንም የታሰረው በመሳቢያ ውስጥ ባለችው ቆዳ ነው ማለት ይቻላል።

ሩፔል ይህን ሁሉ አሟልቷል። ሳያውቀው ግን በዚያው በ1835 ሎንዶን ውስጥ ዊልያም ኦጊልቢ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ ከአፍሪካ ምዕራብ ጫፍ፣ ከጋምቢያ፣ የመጣች የዛፍ ሽኮኮ በሎንዶን የእንስሳት ጥናት ማኅበር መጽሔት ላይ ገልጾ ስኪዩሩስ ጋምቢያኑስ አላት። አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ፤ መካከላቸው አፍሪካን በወርዷ የሚያህል ርቀት አለ። ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸውን ብቻ ነበር ያዩት። ከጊዜ በኋላ ናሙና እየበዛ ሲሄድ ተመራማሪዎች ከጋምቢያና ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ባለው ደን መሰል ሳቫና የተዘረጋች አንዲት ዝርያ ናት ወደሚል ድምዳሜ መጡ። አንድ ዝርያ ሁለት ስም ካላት ደግሞ ሕጉ ጨካኝ ነው፤ አንዱ ብቻ ይነግሣል። የስም ቅድሚያ ደንብ በጽሑፍ የወጣው በ1842 እንግሊዝ አገር ሲሆን ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራበታል። በዚህም መሠረት የዝርያዋ ስም ጋምቢያኑስ ሆኖ ጸና። የሩፔል ሙልቲኮሎር አልተሰረዘም፤ ከሥር ወርዶ የንኡስ ዝርያ ስም ሆነ። እናም ጎንደሬ ሊሆን የሚችል እንስሳ በዓለም መዝገብ የጋምቢያ ሽኮኮ ተብሎ ይጠራል።

የመጀመሪያ ስሟም አልቆየላት። ስኪዩሩስ የሚለው የአውሮጳዎቹ የዛፍ ሽኮኮዎች ወገን ስም ነው፤ በዚያ መናፈሻ ያየናት ቀይዋ የዚያ ወገን ናት። የአፍሪካዎቹ በኋላ ተለይተው በ1880 ሄሊዮስኪዩሩስ ተባሉ፤ የፀሐይ ሽኮኮ እንደማለት ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ መሞቅ ይወዳሉና። የጭላዳም ነገር እንዲሁ ነው። ሩፔል ማካከስ ከሚባሉት የእስያ ጦጣዎች ወገን ደምሮት ነበር፤ በ1843 ፈረንሳዊው ዦፍሯ ሰንቲለር ለብቻው አውጥቶ ቴሮፒቴኩስ የሚል ወገን ሠራለት። ጌላዳ የሚለው ግን አልተነካም። በእንስሳት ስያሜ የፊተኛው፣ የወገኑ ስም፣ ዕውቀት ሲለወጥ ይለወጣል፤ የኋለኛው፣ የራሷ ስም፣ አብሯት ይዞራል። የእኛ ግልባጭ ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ ስደት ላይ በየቅጹ የአባታችን ስም ቤተሰብ ስም ሆኖ ሲገለባበጥ፣ ወንድምና እህት ሁለት ቤተሰብ ተብለው ሲጠረጠሩ ያላየ ማን አለ? የሽኮኮዎቹ ሕግ ቢያንስ እንስሳዋን ሳያምታታ የሚከተል ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ግምት ብናገር ሩፔልን ያሸነፈው ዕድል ነው እንጂ የሥራ ጉድለት አይደለም። ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ሌላ አገር የሉም፤ እነሱን ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ የሚቀድመው ሰው ሊኖር አይችልም ነበር። ጉሬዛ ከኢትዮጵያም አልፋ ትኖራለች፤ እሷን ግን ሩፔል ቀድሞ ያዛት። ሽኮኮዋ ብቻ ናት አህጉር ሙሉ ተበትና የተገኘች።

ሩፔል ከዚያ በኋላ የኖረው ዕድሜ ረጅም ነው፤ ለመንገር ግን አጭር ነው። የጉዞ መጽሐፉን፣ የሐበሻ ጉዞ የሚለውን፣ ከ1838 እስከ 1840 በሁለት ቅጽ አወጣ። በ1839 የሎንዶን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1842 በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያያቸውን የአይጥ ዘሮች ብቻ ለይቶ ጻፈ፤ ከእነዚህ መካከል ነጭ እግር ብሎ የሰየማት የጫካ አይጥ ዛሬ ስቴኖሴፋሌሚስ በተባለው የደጋችን ልዩ ወገን ውስጥ ገብታለች። በ1845 የአካባቢውን ወፎች ዝርዝር አሳተመ። ወደ ሽምግልናው ሲገባ አራዊቱን ትቶ ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች አዘነበለ፤ የከተማውን የሳንቲም ስብስብ ያደራጅ ነበር። አፍሪካን ያቋረጠ ሰው መዳብና ብር ሲያገላብጥ ማርጀቱ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያው ሥራ ነው፤ በትናንሽ ነገሮች ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ፣ መለየት፣ መመደብ። ዲሴምበር 10 ቀን 1884 እዚሁ በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ አረፈ።

ሥራው ግን አልተዘጋም። በ2003 ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከሸኮ ጫካ፣ አንዲት አዲስ የአይጥ ዝርያ ተገልጻለች፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶችም የሩፔልን ዘመን ስሞች በዘረመል እየመረመሩ አንዱን ከሁለት ይከፍላሉ፣ ሌላውን ከሌላው ይደምራሉ። የድሮ ቆዳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቅማል፤ ከደረቀ ቆዳ ቁራጭ ወስዶ ዘሩን ማንበብ ተችሏልና። ሩፔል የራስ ቅልና ጸጉር ብቻ አይቶ የፈረደውን ዛሬ ያላሰበው ምስክር ቀርቦ ይፈትሸዋል።

የጋምቢያ ሽኮኮ የምትባለውም ነገር ያበቃ አይመስልም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋችው በእርግጥ አንዲት ዝርያ ናት ወይስ በአንድ ስም ሥር የተደበቁ ብዙ ናቸው የሚለውን ሊቃውንቱ ገና እንደገና ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ አድርገው ይዘውታል። ምናልባት አንድ ቀን የእኛይቱ ለብቻዋ የቆመች ዝርያ ሆና ብትገኝ አዲስ ስም ማውጣት አያስፈልግም። ሙልቲኮሎር የሚለው ስም ከ1835 ጀምሮ በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ከሥዕሉ ጋር፣ ተቀምጦላታል።

ለልጄ እስከዚያው ድረስ የዛፍ ሽኮኮ በያት ብያታለሁ። የገደሏን ደግሞ ስሜን ስንሄድ አሳይሻለሁ አልኳት፤ ከዝሆን ጋር ዘመድ መሆኗን ስነግራት አላመነችኝም።